ቀብዱ አልቋል

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወልቂጤ እስክንደርስ ድረስ ከጭጋግ ሌላ ያየሁት ነገር የለም። እንሰቱ ከነጩ ውስጥ አንዳንዴ ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል። ነቅቼ ነበር ወይስ ተኝቼ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ረዳቱ «መናኸሪያ ወራጅ» ሲል ነው እግር እንዳለኝ ትዝ ያለኝ።

ይህን ደብተር የገዛሁት ወልቂጤ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምማረው ትምህርት መመረቂያ ጽሑፍ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ርዕሱን በትልቁ ጽፌዋለሁ፦ «አእምሯዊ ካፒታልና የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ከወለድ ነፃ ባንኮች ትርፋማነት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ»። አማካሪዬ ዶክተር ይታገሱ ጮክ ብለው ሲያነቡት መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራቸው።

«እስቲ በአጭሩ ንገሪኝ።»

«ባንክ የሚያተርፈው ሰዎቹ በሚያውቁት ነው ወይስ ገንዘቡ ቶሎ ቶሎ በመዞሩ? ይኸው ነው።»

«ታዲያ እንደዚህ አትይም ነበር?» ብለው ሳቁ። ቀጥለው የሰው እውቀት በምን እንደሚለካ ጠየቁኝ። በደመወዝ አልኩ። ቀመሩ እንደዚያ ነው፤ ባንኩ ለሠራተኞቹ የከፈለው ሁሉ የእውቀታቸው ዋጋ ሆኖ ይገባል። «እሺ፣ እንግዲያው የምትሠሪበትን የባንክ ቅርንጫፍ በዚህ ዓይን አይተሽ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ።

ስመለስ የቡታጅራ ቅርንጫፋችንን አስራ አንድ ሠራተኞች በሐሳቤ በደመወዝ አሰለፍኳቸው። ከላይ ሥራ አስኪያጁ ዑመይር። መሃል ላይ እኔ፣ የሽያጭ ሰነዶቹን የማዘጋጀው። መጨረሻ ላይ ዕቃ ተረካቢያችን ጋሼ ሸረፋ። በቀመሩ መሠረት ከሁላችንም ያነሰ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የበርበሬው ወቅት ገባ። በዚህ ወር ቡታጅራ ውስጥ የማያስነጥስ ሰው የለም። ከቆሼ፣ ከማረቆዎቹ የበርበሬ አገር፣ የመጣ አንድ መኪና መጋዘናችን በር ላይ ቆሞ ነበር። ጋሼ ሸረፋ ከጆንያው አንድ ዛላ መዘው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት። ዘሩ ካልተንኮሻኮሸ አልደረቀም ማለት ነው። ከዚያ ሰበር አድርገው አሸተቱ።

«ይኼ ውሃ ተረጭቶበታል» አሉ። «ትናንት ማታ አይደለም፣ ትናንት ጠዋት።»

ሻጩ መሬት መሬቱን አየ። እኔም አሸተትኩ። በርበሬ በርበሬ ይሸታል፣ ሌላ ምንም።

እኛ ገንዘብ አናበድርም። ነጋዴው የሚፈልገውን ዕቃ ባንኩ ራሱ ይገዛል፣ ይረከባል፣ ከዚያ ትርፉን ጨምሮ በዱቤ ይሸጥለታል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ትርፉ ሐላል አይሆንም፤ ከሒሳባችን ወጥቶ ለድሆች ይሰጣል። ሥልጠና ላይ ያስተማሩን ኡስታዝ መረከቡን በዐረብኛው «ቀብድ» ይሉት ነበር። በእጅ መያዝ ማለት ነው። ገበያ ላይ ግን ቀብድ ሌላ ነው፤ ዕቃው ለሌላ እንዳይሸጥ ቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብ። ቢሮ ውስጥ እንቀልድበታለን። አንዱ «ቀብዱስ?» ካለ ሌላው «የኪታቡ ነው የገበያው?» ይላል።

የባንካችን እጅ የጋሼ ሸረፋ እጅ ነው። እሳቸው አይተው ካልፈረሙ ምንም አንሸጥም። ፊርማውን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ከሦስት ዓመት በፊት በአውራ ጣት ነበር የሚያትሙት። «ሸ»ን ጽፎ አንዱን እግሯን ወደ ታች ረዘም አድርጎ መሳብ ነው። ደብተር ሙሉ አስለመድኳቸው። ሲሳካላቸው ወረቀቱን ቀደው ለእትዬ ሃፊዛ፣ ለሚስታቸው፣ ሊያሳዩ ወሰዱት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

የጋሼ ሸረፋ እህት ትናንት ቸሃ ላይ አረፉ። ጋሼ ማታውኑ ሄዱ። ዑመይር «ሳምንት ሙሉ?» አለ። እህታቸው ናቸው አልኩት። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ለቅሶ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ይመስለዋል። ዋናው የበርበሬ ደንበኛችን ሙባሪክ ደግሞ ስልኩን አላሳርፍ ብሏል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ሩጫ። ሙባሪክ አራት ጊዜ ደወለ። ሁለት መቶ ኩንታል፣ ቆሼ፣ ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያ፣ አንደኛ ደረጃ። ዋጋው ነገ ይጨምራል ይላል።

ዑመይር የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፦ «የግማሽ ዓመቱ ዕቅድ ማለት ይኼ ነው። ካመለጠን ቅርንጫፉን ያጠፉታል፣ ሁላችንም እንበተናለን።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሙባሪክ፦ «ሰልሚያ፣ ቀብዱ አልቋል።»

አልቋል ነው ያለኝ። ቃል በቃል።

የርክክብ ቅጹን ጨረስኩት። ሽያጩ አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ተፈረመ። ዑመይር ሁላችንንም ጨበጠ። ራሴን ያመኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ትምህርት አልሄድኩም። በርበሬው ዛሬ ገባ።

ሾፌሩ የሚዛን ወረቀቱን ሲሰጠኝ አየሁት፤ ቆሼ ላይ የተመዘነው ዛሬ ጠዋት ነው። ሐሙስ ዕለት ገና ገበሬዎቹ ግቢ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ሙባሪክን «ቀብዱ አልቋል አላልከኝም?» አልኩት።

«አልቆ ነበራ። ሌላ ሰው እንዳይነጥቀኝ ሃምሳ ሺህ ከኪሴ ሰጥቻቸዋለሁ» አለ።

የገበያው ቀብድ።

በርበሬው ጥሩ ነው። ማንም አልከሰረም። የተሳሳተው ቀን ብቻ ነው፣ ሁለት ቀን። እኔ የሰማሁት የኪታቡን ነው። በባንክ ስልክ ስለ ባንክ ሥራ ሲወራ ሰው ሌላ ምን ይሰማል? ያን ጊዜ «አሁን የት ነው ያለው?» ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ዑመይር በሩ ላይ ነበር።

ፊርማውም አለ። ጋሼ ሸረፋ ስላልነበሩ በቦታቸው የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሰው ለሌላ ሰው ሲፈርም ከፊቱ «ስለ» ብሎ ይጽፋል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ነገር ነው። እኔም ጽፌያለሁ መሰለኝ። ቸኩዬ ነበር። ጽፌያለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ሕልም። የመጋዘኑ ወለል ከዳር እስከ ዳር በርበሬ ተነጥፎበታል፣ ጣሪያ የለውም፣ ዘቢዳር ተራራ በግድግዳው በኩል ጠጋ ብሎ ቆሟል። በባዶ እግሬ እሄዳለሁ። አያቃጥልም፣ አይንኮሻኮሽም። የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም፤ እንዲያውም እንዲያልቅ አልፈለግሁም። እናቴ ለሱብሒ ስትቀሰቅሰኝ ተናደድኩባት። ኡሚ ነው የምላት። «በእንቅልፍሽ ከማን ጋር ነው የምትከራከሪው?» አለችኝ። ከማንም ጋር አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ጋሼ ሸረፋ ተመለሱ። ፊታቸው ከስቷል። «አላህ ይዘንላቸው» አልኳቸው። በለቅሶ መሃል እኔን አስበው አንድ ጥቅል ቆጮ አምጥተውልኛል።

«እኔ በሌለሁበት በርበሬ ገባ?»

«የሙባሪክ ብቻ።»

«ማን አየው?»

ስልክ ጠራ። አነሳሁት። የተሳሳተ ቁጥር ነበር፤ ትንሽ አወራሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የሸሪዓ ኦዲት በታህሳስ መጀመሪያ። ፋይሎች ይዘጋጁ ይላል። ዑመይር «የሚያስፈራን ነገር የለም» አለ። እኔም እንደዚያው አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዑመይር ፋይሎቹን አስወጥቶ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ፊርማ እንዲያረጋግጥ አደረገ። ጋሼ ሸረፋ የሙባሪክን ፋይል ይዘው ወደ እኔ መጡ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቅርበው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼ መቼ ነው?»

«ጥቅምት ሃያ አንድ።»

«ያኔ እኔ ቸሃ አልነበርኩም?»

ደረሰኝ እያሰርኩ ነበር። ቀና አላልኩም። «ሳይሄዱ ቀድመው ፈርመውት ይሆናል» አልኳቸው።

«ይሆናል» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። በሩ ላይ ቆም ብለው ቀኝ እጃቸውን አዩ።

ፈርመዋል አላልኩም። ይሆናል ነው ያልኩት። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

በመንገድ ላይ እንቅልፍና ንቃት ተቀላቀለብኝ። ሚኒባሱ የቆመ፣ ተራራው የሚሄድ መሰለኝ። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች በጉራጊኛ ስለ አንድ የተሸጠች ላም ሲያወሩ ሰምቼ ስለ እኔ የሚያወሩ መሰለኝ። አንደኛው «አላየሁም አለች» ሲል ደነገጥኩ።

ለዶክተር ይታገሱ ስለ ጋሼ ሸረፋ ነገርኳቸው። ስለ ጆሯቸውና ስለ አፍንጫቸው ብቻ። በጣም ደስ አላቸው። «ይኼ ነው እኮ አእምሯዊ ካፒታል። ሰውየውን አነጋግሪና አንድ ምዕራፍ አድርጊው። የሚያውቁት ነገር ከእሳቸው ጋር እንዳይጠፋ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ድምፄ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ደብተር ይዤ መጋዘን ሄድኩ። ውሃ የተረጨበትን እንዴት ነው የሚለዩት አልኳቸው።

«ሌላ ሰው ጠይቂ።»

«ጋሼ፣ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ከእንግዲህ አውቃለሁ ብዬ በምንም ነገር ላይ እጄን አልጭንም። ሌላ ሰው ጠይቂ።»

የደከማቸው መስሎኝ ተውኳቸው። ሐዘን ላይ ናቸው፣ እህት ማጣት ቀላል አይደለም። ዛሬ አንድ ጆንያ ሦስት ጊዜ አስከፍተው ሲያዩ አየሁ። ሦስተኛው ላይ ጥበቃውን ጠርተው «አንተስ ምን ይመስልሃል?» አሉት። ጥበቃው ሳቀ፣ የሚቀልዱ መስሎት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ዑመይር በስልክ ሲያወራ ሰማሁ፦ «ሽማግሌው እየረሳ ነው። መጋዘኑን ቆልፎ ይሄድና ቆልፌ ነበር እንዴ ብሎ ይመለሳል።»

ሰምቼ ቀለለኝ። እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ፤ ቀለለኝ። ሰው እየረሳ ከሆነ እኮ፣ መርሳት የጀመረው መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል።

አስቀያሚ ሰው ነኝ። ነገ እጾማለሁ።

ረቡዕ፣ ታህሳስ 2

ኦዲተሩ ኡስታዝ አብዱልሃፊዝ ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የሚዛኑን ወረቀትና የርክክቡን ቅጽ ጎን ለጎን አስቀምጠው በሁለት ጣት ገፋ አደረጓቸው። ቀኖቹ አይገጥሙም። ባንኩ ያልያዘውን ሸጧል። የሁለት መቶ ኩንታሉ ትርፍ በሙሉ ከሒሳብ ወጥቶ ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። ዑመይር ፊቱ አመድ ሆነ።

«ተረክቤያለሁ ብሎ የፈረመው ማነው?»

ጋሼ ሸረፋ ተጠሩ። ቆመው ነው የመለሱት፤ ወንበር ቢሰጣቸውም እንቢ አሉ።

«ፊርማው የኔ ነው።»

«ዕቃውን አይተውት ነበር?»

«አላስታውስም። ያላየሁትን ፈርሜያለሁ ማለት ነው።»

«ፈርም ብሎ ያስገደደዎት ሰው አለ?»

«ማንም የለም። ወረቀቱን የምታዘጋጀው ሰልሚያ ናት። እሷ ያላየሁትን አታስፈርመኝም። እኔ ነኝ፤ አርጅቻለሁ።»

እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አይ ነበር። የአንድ መስጊድ ሥዕል አለበት፣ ከኋላው ባሕር። ባሕሩ ውስጥ ገብቼ ቀስ ብዬ የምሄድ መሰለኝ። ክፍሉ ውስጥ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማንም አልጠየቀኝም።

ሐሙስ፣ ታህሳስ 3

ጋሼ ሸረፋ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረከቡ። የጡረታ ደብዳቤያቸውን ዑመይር ጻፈላቸው፣ «በራሳቸው ፈቃድ» ይላል።

ሁሉን አውቀው እንዳዳኑኝ ገብቶኛል። የዋሹት ለእኔ ሲሉ ነው። ትልቅ ውለታ ነው። ለኢድ አንድ በግ እወስድላቸዋለሁ፣ ለእትዬ ሃፊዛም ጥሩ ጨርቅ። እያዳነኝ ያለን ሰው አጋልጬ ደግሞ ውለታውን ላበላሽበት? እንዲያ ማድረግ ራሱ ክፋት ነው።

ሌሊቱን ሙሉ በዚህ አሳመንኩ። ማንን እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ፣ ታህሳስ 9

አዲሱ ተረካቢ ዲግሪ አለው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያም መጥቶለታል። ባለፈው ሳምንት አርባ ኩንታል ተረከበ፤ ዛሬ ጆንያው ሲፈታ መሃሉ ሻግቷል። ላዩ ደረቅ ነበር፣ መሣሪያው የለካው ላዩን ነው። ሻጮቹ ወሬው ደርሷቸዋል ማለት ነው፤ በቡታጅራ የጋሼ ሸረፋ አፍንጫ እንደሌለ ቆሼ ድረስ ታውቋል።

ዑመይር ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እኔ ይኼን ሽማግሌ እንደ ዘበኛ ነበር የማየው» አለ። ከዚህ በፊት እንዲህ ዝቅ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ታህሳስ 12

ዶክተር ይታገሱ ውጤቴን አዩት። የባንኮቹ ገንዘብ ቶሎ በዞረ ቁጥር ትርፉ ይጨምራል፣ በቁጥሩ ግልጽ ነው። «ዙሩ ማጠር አለበት» ብዬ ጽፌያለሁ። እኔ በሁለት ቀን አሳጥሬዋለሁ፤ ይኼ ግን ሰንጠረዡ ውስጥ የለም።

ሌላውን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። የቅርንጫፋችንን ቁጥር ለራሴ ሠርቼው ነበር። ቀመሩ ትርፍን ለደመወዝ ያካፍላል። የጋሼ ሸረፋ ደመወዝ ሲቀነስ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ፣ የቅርንጫፋችን እውቀት ጨመረ ይላል። ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቴም ጨመረ።

ስመለስ ጭጋጉ እንደገና ወርዶ ነበር። ከውስጡ አንድ ሽማግሌ በመንገዱ ዳር ሲሄዱ አየሁና «ወራጅ አለ» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ አቆመ። ማንም አልነበረም። ተሳፋሪው አጉረመረመ።

ሰኞ፣ ታህሳስ 14

እትዬ ሃፊዛ ባንክ መጡ። የጋሼን የመጋዘን ጋቢ ሊወስዱ ነው። ቢሮዬ አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። ጋሼ እንዴት ናቸው አልኩ፣ ሰላምታ ልልክ፣ ውለታቸውን እንዳልረሳሁ ልናገር።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱ እኮ ደህና አይደለም ልጄ። ሲሰግድ ስንት ረከዓ እንደሰገደ ይጠፋዋል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንድቆጥርለት ይለምነኛል። ገበያ መሄድ ትቷል። ሰው በርበሬ ይዞ ‹እስቲ እየው› ብሎ ሲመጣ ከቤት የለም አስብሎ ጓዳ ይገባል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያች ወረቀት ጀምሮ። ያላየሁትን ፈርሜ፣ መፈረሜን ደግሞ ረስቼ፣ ሌላስ ምን ረስቼ ይሆን ይላል። ቀኑን ሙሉ ደብተር ይዞ ያን ፊርማውን ይጽፋል። እጁ ሳያውቅ ይጽፍ እንደሆነ ሊይዘው ነው። ዓይኑን ጨፍኖም ይሞክራል።» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አንቺን ግን ያመሰግናል። ቀድመው ፈርመው ይሆናል ብላ እሷ ባትነግረኝ፣ ማበዴን ማንም አይነግረኝም ነበር ይላል።»

ጋቢውን አጥፌ ሰጠኋቸው። እስከ በር ሸኘኋቸው። ተመልሼ ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩበትን አላስታውስም።

አላዳኑኝም። አልዋሹልኝም። አምነውኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ታህሳስ 15

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ ፋይሉን አወጣሁ። «ስለ» የሚል የለም። «ሸ» አለች፣ እግሯ ወደ ታች ተስባለች፣ ልክ ደብተር ሙሉ እንዳስለመድኳቸው ሆና። ከእሳቸው «ሸ» ይልቅ ታምራለች።

ለመጻፍ ረስቼ አይደለም። ያን ጊዜ ብዕሩን አንስቼ «ስለ» ካልኩ ጋሼ እንዳልነበሩ ይታወቃል፣ ሽያጩም ይቆማል ብዬ አስቤያለሁ። አስቤ ነው የተውኩት። የሙባሪክንም ቀብድ የሰማሁት የገበያውን ነው። ሙባሪክ ነጋዴ ነው፤ ኪታብ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ይኼን ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ለኡሚ ነገርኳት። «እንጀራሽ ነው» አለች መጀመሪያ። ቀጥላ ደግሞ «የሰውየው ግን ራሱ ነው፣ ጭንቅላቱ» አለች።

ዓርብ፣ ታህሳስ 18

ከጁምዓ በኋላ ፊርማውን ያስመሰልኩት እኔ መሆኔን የጻፍኩበትን ደብዳቤ ለዑመይር ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ማክሰኞ ሒሳብ እንዘጋለን። እስከዚያ ያዢውና ረቡዕ እናውራ።»

«ዛሬ ነው የጻፍኩት።»

«ሰልሚያ፣ ይኼ እኮ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም። ፊርማ ማስመሰል ነው፣ ወንጀል ነው። ሽማግሌው አልተከሰሰ፣ ጡረታውን ይበላል። ማን ተጎዳ?»

ልነግረው ሞከርኩ፤ ስለ ረከዓው፣ ስለ ደብተሩ። እንዳልገባው አየሁ። ወይም ገብቶታል፣ እሱም የሚያጣው ነገር አለው። በሩ ላይ ቆሞ የነበረው እሱ ነውና። ደብዳቤው እንዲመዘገብና ለኦዲተሩ እንዲላክ ጠየቅሁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ማኅተሙን መታችበት። ዑመይር «እንግዲያው በእጅሽ ያለውን የካዝና ቁልፍ ትተሽ ሂጂ» አለኝ። ተውኩት።

ወጥቼ በዋናው መንገድ ላይ ሄድኩ። ፀሐይ ነበረች፣ ባጃጆቹ ሁሉ ድምፅ የሌላቸው መሰሉኝ። ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ታህሳስ 19

ዛሬም ትምህርት ቀረሁ። ጋሼ ሸረፋ የሚኖሩበት እንሴኖ የደረስኩት አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰው ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁ። ጋሼ ሸረፋ ግቢያቸው ውስጥ የግድግዳውን ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ደብተር አለ። ሲያዩኝ ገልብጠው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«አሰላሙ ዐለይኩም ጋሼ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። አዲሱ ልጅ አስቸገራችሁ አሉ» ብለው ለመነሳት ሲሞክሩ በእጄ ከለከልኳቸው።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም። የደብዳቤውን ቅጂ አውጥቼ ቆሜ አነበብኩላቸው። «የአቶ ሸረፋን ፊርማ አስመስዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«መቼ ነው ያልሽው?»

«ጥቅምት ሃያ አንድ።»

«ቁጥሩን ተይው፣ ቁጥሩ ይጠፋኛል። ምን ቀን ነበር?»

«ሐሙስ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ማክሰኞ አረፈች። ማታውኑ ሄድኩ። ረቡዕ ቀበርናት፣ ካፊያ ነበር። ሐሙስ…» ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ሐሙስ የጉብሬ ሰዎች ለለቅሶ መጡ። ለሰደቃ በሬ ታረደ። ቀንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጥቁር ነበር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው።»

«አዎ» አልኩ፣ ምንም ሳላውቅ።

«ቡታጅራ አልነበርኩም።»

«አልነበሩም።»

«ሳልሄድም አልፈረምኩም።»

«አልፈረሙም። ያን ጊዜ ‹ይሆናል› ያልኩዎት ውሸት ነበር። አውቄ ነው ያልኩት።»

ዓይናቸውን ከፈቱ። ስድብ ጠበቅሁ፣ እርግማንም ጠበቅሁ፤ ሁለቱንም በሙሉ ልቤ እፈልገው ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዞሩ።

«ሃፊዛ» ብለው ተጣሩ። «ሃፊዛ፣ ነይማ። ራሴ ደህና ነው።»

እትዬ ሃፊዛ እጃቸው እርጥብ እንደሆነ ወጡ። ጋሼ ሸረፋ በሬውን ነገሯቸው፣ ካፊያውን ነገሯቸው፣ ከጉብሬ የመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው እየጠሩ ነገሯቸው። አንዱም አልጠፋቸውም። እየሳቁ ነበር፣ እንባቸው እየወረደ። እትዬ ሃፊዛ በእርጥብ እጃቸው የጋሼን ፊት ያዙ። «ሥራው አይደለም ሃፊዛ» ይላሉ ደጋግመው፣ «ሥራውስ ይቅር፣ ራሴ ደህና ነው።»

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ደብዳቤውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በዚህ አገር እንግዳ ግቢ ገብቶ ሳይቀመጥ፣ አፉ ላይ አንድ ነገር ሳያደርግ አይወጣም። እኔን ቁጭ በይ ያለኝ ሰው አልነበረም።